ያልመረመርሽው ኪኒን

የጠያቂያችን ደብዳቤ (በጥቂቱ አሳጥረነዋል)፦

«እናቴ 67 ዓመቷ ነው። ስኳር ከተገኘባት ስምንት ዓመት ሆኗታል፤ ጠዋት ጠዋት ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ ትወስዳለች። ሜሪላንድ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ሜትፎርሚን ኩላሊት እንደሚጎዳ፣ አሜሪካ ውስጥም ካንሰር የሚያመጣ ነገር ተገኝቶበት ከገበያ እንደተሰበሰበ የሚናገር ጽሑፍ ላከልኝ። ከዚያ ወዲህ አራት ወር ሙሉ ማታ ማታ ሳነብ ነው የማመሸው። አንድ ደብተር ሞልቻለሁ። በእንግሊዝ አገር በተደረገ ትልቅ ጥናት ላይ ሜትፎርሚንን እናቴ ከምትወስደው ዓይነት ሌላ ኪኒን ጋር መደረብ በስኳር ምክንያት የሚመጣን ሞት በ96 በመቶ እንደሚጨምር አግኝቻለሁ። ደብተሬን ይዤ ስገባ ሐኪሙ ገጹን እንኳን ሳያይ ‹ሐኪሙ እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?› አለኝ። ወንድሜ ‹ሐኪሞች የጨጓራ ቁስለት ከጭንቀት ነው እያሉ ኖረው አንድ አውስትራሊያዊ ነው ያሳፈራቸው፤ አትፍሪ› ይለኛል። ሜትፎርሚኑን አስቁሜ በሞሪንጋና በአብሽ ልተካላት አስቤያለሁ። ጥፋት ነው? ሰው ለገዛ እናቱ ሲል መመርመር አይችልም? በነገራችን ላይ፣ በጾም ቀን ከቅዳሴ ስትመለስ ላብ ያጠምቃታል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዴም ንግግሯ ይምታታል። ይህም የሜትፎርሚን መርዝነት ይመስለኛል።»

የእማዬ ልጅ ነኝ፣ ከአዳማ

እህቴ፣ ከደብዳቤሽ ግርጌ ልጀምር። «በነገራችን ላይ» ብለሽ ያለፍሽው ነገር ከላይ ከጻፍሽው ሁሉ ይበልጥ አሳስቦኛል።

ላብ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የንግግር መምታታት፣ ያውም ከረጅም ሰዓት ጾም በኋላ። ይህ የስኳር ማነስ እንዳይሆን እሰጋለሁ። ሳላያቸው እርግጠኛ ሆኜ መናገር አልችልም፤ የሚለየው በዚያው ሰዓት ጣታቸውን ወግቶ በመለካት ነው። መሣሪያው ከ70 በታች ካሳየ ስኳራቸው ወርዷል ማለት ነው። መለኪያ በእጅሽ ከሌለም አትጠብቂ። ራሳቸውን የሚያውቁና መዋጥ የሚችሉ ከሆነ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠሽ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ ስጫቸው። ከሩብ ሰዓት በኋላ ካልተሻላቸው ድገሚ፤ ሲሻላቸው ምግብ ይብሉ። ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፋቸው ምንም እንዳትጨምሪ፣ በቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት ውሰጃቸው። ስኳር ከጠጡ በኋላ ቢሻላቸውም እንኳን የተለመደው ቀጠሯቸው እስኪደርስ መቆየት የለብሽም። ከሚቀጥለው የጾም ቀን በፊት ይታዩ። እስከዚያ ያንን ኪኒን ውጠው ሳይበሉ እንዳይውሉ።

«ያንን ኪኒን» ያልኩት ሜትፎርሚንን አይደለም። ሜትፎርሚን በዋናነት የሚሠራው ጉበት ወደ ደም የሚለቀውን ስኳር በመቀነስ ነው፤ ብቻውን ሲወሰድ ስኳርን ከልክ በታች የሚያወርደው ከስንት አንዴ ነው። ግሊቤንክላማይድ ግን ቆሽትን ኢንሱሊን አመንጭ እያለ የሚገፋ መድኃኒት ነው፤ በሆድ ውስጥ ምግብ ይኑር አይኑር አይጠይቅም። ኃይሉም ቶሎ አይለቅም፤ ዕድሜያቸው በገፋና ኩላሊታቸው በደከመ ሰዎች ላይ ደግሞ ከዚያም ይረዝማል። ስለዚህ አንዴ የወረደ ስኳር በለስላሳ ተነሥቶ ከሰዓታት በኋላ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ግሊቤንክላማይድ ከ60 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች ተስማሚ እንዳልሆነ የሚገልጽ ማስታወሻ ይዟል። እናትሽ 67 ናቸው።

አየሽ፣ አራት ወር ሙሉ ችሎት ላይ የቆመው ሜትፎርሚን ነው። ጎን ለጎን የምትዋጠው ኪኒን በደብዳቤሽ ውስጥ የተነሣችው ምስክር ሆና ብቻ ነው። ልወቅስሽ ብዬ አይደለም። ሜትፎርሚንን መርምሪ ያለሽ ማን ነው? ወንድምሽ የላከው ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ ለምን እሱ ዘንድ ደረሰ? ስለሚያስደነግጥ ነው። ስለ ግሊቤንክላማይድ የሚያስደነግጥ ጽሑፍ በቴሌግራም ሲዞር እኔ አላየሁም፤ አሮጌና ርካሽ ስለሆነ ማንም አያወራለትም። ተራ ሰው በሕክምና ጉዳይ ሲመራመር የሚሳሳተው መልሱን ነው ይባላል። እኔ የማየው ግን ስሕተቱ ከዚያ ቀድሞ ይጀምራል፤ ጥያቄውን የሚመርጥልን ወሬ ነው፣ እኛም ወሬው ባመለከተን አቅጣጫ በትጋት እንሄዳለን። ትጋትሽን አደንቃለሁ። የተጋሽበት ጉዳይ ግን እማዬን ከቅዳሴ ሲመለሱ ከሚያንቀጠቅጣቸው ነገር ጋር አልተገናኘም።

አሁን ወደ ደብተርሽ። «ሜትፎርሚን ኩላሊት ይጎዳል» የሚለውን በደንብ አውቀዋለሁ። ይህን ዓምድ ከመያዜ በፊት ከመድኃኒት ቤት መስኮት ጀርባ ነበር የምቆመው፤ ሰዎች ከካርቶኑ ውስጥ ያወጧትን የታጠፈች ወረቀት ዘርግተው ጣታቸውን አንዲት መስመር ላይ ያሳርፉ ነበር፤ የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው እንዳይወስድ የምትለዋ ላይ። መስመሯ እውነት ናት። ሜትፎርሚን በጉበት ሳይለወጥ እንዳለ በኩላሊት በኩል የሚወጣ መድኃኒት ነው። ኩላሊት በጣም ከደከመ በደም ውስጥ ይከማችና ላክቲክ አሲድ የሚባለውን ከመጠን በላይ ሊያበዛ ይችላል፤ ይህ እምብዛም የማይደርስ ግን ከደረሰ የሚገድል ነገር ነው። ስለዚህ የኩላሊት የማጣራት አቅም ከ30 በታች ሲወርድ መድኃኒቱ ይቆማል፤ ከ30 እስከ 45 ባለው መካከል ደግሞ ሐኪሙ መጠኑን ይቀንሳል ወይም ጉዳዩን እንደገና ያያል። አንድ ያረጀ ድልድይ ላይ «ከባድ መኪና ማለፍ ክልክል ነው» ተብሎ ስለተጻፈ ድልድዩን ያስረጀው መኪናው ነው አይባልም። ኩላሊትን ዓመት ቆጥሮ የሚያደክመው ስኳሩ ራሱ ነው፤ የደም ግፊት ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ኩላሊታቸውን ለማዳን ብለሽ ሜትፎርሚኑን ብታስቆሚ የምትለቂበት ያንኑ ኩላሊት የሚበላውን ስኳር ነው።

ፍርሃቱ ሥር የለውም ማለቴ አይደለም። ፌንፎርሚን የሚባል የሜትፎርሚን ዘመድ ነበረ፤ በዚሁ የአሲድ ችግር ሰው እየገደለ በ1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ከአሜሪካ ገበያ ወጣ። ሜትፎርሚን አውሮፓ ውስጥ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ሲታዘዝ ኖሮ አሜሪካ ፈቃድ ያገኘው በ1994 ነው፤ የዘመዱ ስም ሳይጎዳው አልቀረም። ሆኖም ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ የእናትሽ የክሪያቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው የደም ምርመራ) ውጤት ስንት ነው? የማጣራት አቅማቸውስ? በደብዳቤሽ ውስጥ የለም። ስለ ሜትፎርሚንና ስለ ኩላሊት በዓለም የተጻፈውን ሁሉ ብታነቢ ያቺ አንዲት ቁጥር ከሌለችሽ ስለ እናትሽ ኩላሊት ያወቅሽው ነገር የለም። ቁጥሯ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ አትገኝም፤ ካርዳቸው ውስጥ ወይም በአንድ ቱቦ ደም ነው የምትገኘው።

ከገበያ ተሰበሰበ የተባለውም በእርግጥ የሆነ ነገር ነው። በግንቦት 2020 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ለካንሰር ሊያጋልጥ የሚችል ኤንዲኤምኤ የተባለ ኬሚካል ከተፈቀደው በላይ የተገኘባቸውን አንዳንድ የሜትፎርሚን ምርቶች አምራቾቹ እንዲሰበስቡ ጠየቀ። እነዚያ ምርቶች ቀስ እያለ የሚለቀቀው ዓይነት ናቸው፤ ያውም የተወሰኑ ኩባንያዎች። ከዜናው ላይ ተቆርጦ የቀረው ደግሞ የሚከተለው ነው፦ ባለሥልጣኑ በዚያው መግለጫ ሕሙማን ሐኪማቸው ሌላ እስኪተካላቸው ድረስ መድኃኒቱን በራሳቸው እንዳያቆሙ አሳስቧል። ወንድምሽ የላከው ጽሑፍ ይህን ዐረፍተ ነገር ይዟል? ካልያዘ ማን እንደቆረጠውና ምን ሊሸጥ እንደፈለገ ማሰብ አይከፋም። ብዙ ጊዜ ከገጹ ግርጌ የዱቄት ዋጋ አለ።

አሁን ከደብተርሽ ውስጥ ከባዱ። የ96 በመቶው ነገር ማንም አጭበርባሪ የፈጠረው አይደለም፤ ይህን ስታገኚ ሐኪሙ ደብተሩን ገልጦ ቢያይልሽ ኖሮ ምናልባት ይደነቅ ነበር። በ1977 የተጀመረውና ውጤቱ በ1998 የወጣው የእንግሊዝ አገር የስኳር ጥናት ከ5,000 በላይ ሰዎችን ያቀፈ ነው። ከእነዚህ ውስጥ የግሊቤንክላማይድ ቤተሰብ የሆኑ ኪኒኖችን ይወስዱ የነበሩ 537 ሰዎች ተመርጠው ለገሚሱ ሜትፎርሚን ተደረበላቸው። በተደረበላቸው ዘንድ በስኳር ምክንያት የሞቱት በ96 በመቶ በዙ። ተመራማሪዎቹ አልደበቁትም፤ በጽሑፉ ማጠቃለያ ላይ አስፍረውታል። አንቺም ያገኘሽው ከዚያው ይመስለኛል።

ነገር ግን ከ96 ቀጥሎ በቅንፍ ሌሎች ሁለት ቁጥሮች አሉ፦ 2 እና 275። ትርጉማቸው «የሞቱት ሰዎች ጥቂት ስለሆኑ እውነተኛው ጭማሪ ከ2 በመቶ እስከ 275 በመቶ የትም ሊሆን ይችላል» ነው። እንዲህ የሰፋ ግምት በአጋጣሚ የመጣ ሊሆን ይችላል ተብሎ ይጠረጠራል። ተጠርጥሮም በዋናው ጥናት ካሉት ሰዎች ጋር ተደምሮ ሲታይ ጉዳቱ አልጸናም። በዚያው ጽሑፍ ዋና ክፍል ደግሞ ክብደት የበዛባቸውና በሜትፎርሚን የጀመሩ 342 ሰዎች ነበሩ፤ በእነሱ ዘንድ በማንኛውም ምክንያት የመጣ ሞት በምግብ ቁጥጥር ብቻ ከቆዩት በ36 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። አንድ ጽሑፍ፣ አንድ መድኃኒት፣ ሁለት ተቃራኒ መስመር። ለሜትፎርሚን መከራከር የፈለገ ሰው 36ን ፎቶ አንሥቶ ይልካል፣ መክሰስ የፈለገ 96ን። ሁለቱም አልዋሹም።

እዚህ ላይ ላዳላ አልፈልግም፤ የ36 በመቶው አባባልም ያጋንናል። በቁጥር ሲታይ ከሺህ ሰው በዓመት ከ20 ትንሽ ያለፈ ይሞት የነበረው ወደ 13 ተኩል ገደማ ወረደ ማለት ነው። ትልቅ ነገር ነው፤ ግን «36 በመቶ» ሲባል ጆሮ የሚሰማውን ያህል አይደለም። እንዲህ ያለውን ነገር ለመመዘን ጽሑፉን አንብቦ መረዳት አይበቃም። ሌሎቹን ጥናቶች አጠገቡ ማስቀመጥ፣ የትኛው በስንት ሰው ላይ እንደተሠራ ማወቅ፣ ስታቲስቲክስ የሚያውቅ ሰው ማማከር ያስፈልጋል። እኔ ብቻዬን አልችለውም። አንድ ሐኪምም ብቻውን አይችለውም፤ ለዚህ ነው የሕክምና መመሪያ የሚባለው በቡድን ተጨቃጭቀው የሚጽፉት። የስኳር ሐኪሞች ዛሬም ሁለቱን መድኃኒቶች አብረው የሚያዙት ያቺን 96 ሳያዩ ቀርተው አይደለም።

ወንድምሽ ስለ አውስትራሊያዊው የሚለው ግማሹ እውነት ነው። ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የጨጓራ ቁስለት ዋናው መነሻ ባክቴሪያ መሆኑን ሲናገሩ ብዙዎች አልተቀበሏቸውም፤ ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ታመመ፤ በ2005 ሁለቱም ኖቤል ተሸለሙ። የተቀረው ግማሽ ግን ማርሻል ራሱ ሐኪም መሆኑ ነው፤ ዋረን ደግሞ የሕዋስ መርማሪ። ከሕሙማን ጨጓራ ናሙና ወስደው በአጉሊ መነጽር ያዩ፣ ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ ያሳደጉ፣ ሌሎች በሌላ አገር ደግመው እንዲያዩት ያደረጉ ሰዎች ናቸው። ሌሊት አንብቦ የረታ የለም። የተሳሳቱትም ያረሙትም ሐኪሞች ናቸው፤ ዛሬ እኛ አገር ማንኛውም ክሊኒክ ለጨጓራ ባክቴሪያ አንቲባዮቲክ የሚሰጠው በዚሁ ምክንያት ነው። በማርሻል ላይ የሳቁ ሰዎች በብዙ ሌሎች ላይም ስቀዋል፤ ከእነዚያም ብዙዎቹ እውነትም ተሳስተው ነበር። የእነሱን ስም ማንም በቴሌግራም አይልክልንም።

ሞሪንጋና አብሽን በተመለከተ አጭር እሆናለሁ። ቅጠል ስለሆኑ አልንቃቸውም፤ ሜትፎርሚንም የዘር ሐረጉ ጋሌጋ ከሚባል የአውሮፓ ተክል ነው የሚመዘዘው፤ ያ ተክል እንዳለ ሲበላ ከብት ይመርዛል። ኬሚስቶች የደከሙት ጥቅሙን ከመርዙ ለመለየት ነው። ስለ ሞሪንጋና ስኳር የምታነቢው አብዛኛው ጥናት በአይጦች ላይ የተሠራ ነው፤ ያውም የሕንዱ ሞሪንጋ ነው። ኮንሶዎች ጓሯቸው ውስጥ የሚያበቅሉት፣ እኛ ሽፈራው የምንለው፣ ሌላ ዝርያ ነው። አብሽ ስኳርን በመጠኑ እንደሚቀንስ የሚጠቁሙ ትንንሽ ጥናቶች በሰው ላይ ተሠርተዋል። ሜትፎርሚኑን አውጥተሽ፣ ግሊቤንክላማይዱን ትተሽ፣ በላዩ አብሽ ብትጨምሪ ግን ምን እንደምታደርጊ ተመልከቺ፦ ስኳርን ከልክ በታች እምብዛም የማያወርደውን ኪኒን አስወጥተሽ ከልክ በታች በሚያወርደው ላይ ሌላ ማውረጃ ጨመርሽ። በወጥ ውስጥ የሚገባ አብሽ ማንንም አይጎዳም፤ እንደ መድኃኒት በብርጭቆ የሚጠጣውን ግን ለሐኪሙ ሳትነግሪ አትጀምሪ።

ሰው ለገዛ እናቱ ሲል መመርመር አይችልም ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። ይችላል። ሜትፎርሚንን የሚመረምሩ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች አሉ፤ እናትሽን የሚመረምር ግን ከአንቺ ሌላ የለም። እስከ 9 ሰዓት እንደሚጾሙ ሐኪሙ ያውቃል? እሳቸው አይነግሩትም፤ የእሳቸው ዘመን ሴቶች ሐኪም «ጾሙን ተዪው» እንዳይላቸው ብለው ዝም ይላሉ። ኪኒኗን የሚውጡት ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ከዋጡ በኋላ እህል የሚቀምሱት መቼ እንደሆነ፣ ላቡ የሚመጣው በጾም ቀን ብቻ ይሁን በሌላም ቀን፣ ይህን ሁሉ የምታውቂው አንቺ ነሽ። የእንግሊዙ ጥናት ውስጥ ረቡዕና ዓርብ በባዶ ሆድ ቅዳሴ የቆሙ እናት የሉም።

ስለዚህ ደብተሩን ቤት ተዪውና አንድ ገጽ ጻፊ። የኪኒኑ ሰዓት፣ የምግቡ ሰዓት፣ ምልክቱ የመጣበት ሰዓትና በዚያን ጊዜ የተለካው ስኳር፤ ከጾም ቀን ሁለት ሦስቱን፣ ከፍስክ ቀንም እንዲሁ። ምልክቱ እስኪደገም ግን ገጹን ለመሙላት ብለሽ አትጠብቂ፤ ያለሽን ይዘሽ ሂጂ። ኪኒኖቹን ከነካርቶናቸው ያዢ፣ ከገበያ የገዛሽው ቅጠል ካለም ጨምሪው። ስትገቢ «አንብቤ ነበር» ብለሽ አትጀምሪ፤ «በጾም ቀን እንዲህ ትሆንብኛለች» ብለሽ ጀምሪ። ሐኪሙ የሰደበሽ ያለ አግባብ ነው፤ በር ላይ የቆመው ሰልፍ ብዛት ያስረዳዋል እንጂ አያጸድቀውም። ይሁንና ደብተር ይዞ ከሚመጣ ሰው ጋር የሚሟገት ሐኪም ላብና መንቀጥቀጥ ሲሰማ ብዕሩን ያነሣል።

ከዚያ በኋላ ጠይቂው። በእሳቸው ዕድሜ ግሊቤንክላማይድ ይቀጥል ወይስ ይለወጥ። የኩላሊታቸው ውጤት መቼ ነው የታየው። ሜትፎርሚን ለብዙ ዓመት ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ12ን ሊያሳንስ ይችላል፤ ይህ በደንብ የታወቀ ስለሆነ እግራቸውን የሚያደነዝዛቸው ወይም የሚያቃጥላቸው ከሆነ ይህንንም አንሺ። የጾሙን ነገር ደግሞ ከንስሐ አባታቸው ጋር አነጋግሪያቸው፤ ለታመመ ሰው መፍቀድ የእሳቸው ሥልጣን ነው። አንቺ «አትጹሚ» ብትያቸው አይሰሙሽም፤ ከንስሐ አባታቸው የመጣ ቃል ግን ይሰማል። ሐኪሙ ጊዜ ካልሰጠሽ የክትትል ክፍሏን ነርስ ወይም የመድኃኒት ባለሙያውን ያዢ፤ ግሊቤንክላማይድና የስኳር ማነስ ሲባል ሁለቱም ሳታብራሪላቸው ይገባቸዋል።

ወንድምሽን አትቀየሚው። ከሩቅ ሆኖ ለእናቱ የሚያደርገው ቢያጣ ያገኘውን ጽሑፍ ይልካል። የሚያደርገው ነገር ስጪው፦ የስኳር መለኪያ መሣሪያና ስትሪፕ (የደም ጠብታ የሚነካበት ቁራጭ) ይላክ። እዚህ መሣሪያው ቢገኝ ስትሪፑ ይጠፋል፣ ስትሪፑ ሲገኝ ዋጋው ያስደነግጣል። ስትሪፑ ከመሣሪያው ጋር የሚገጥመው ዓይነት መሆኑንና የአገልግሎት ጊዜው ቢያንስ አንድ ዓመት የሚቀረው መሆኑን ካርቶኑን አንብቦ ያረጋግጥ፤ ሰው ሲመጣ በእጅ ሻንጣ ቢይዝለት ይሻላል፣ ሙቀት ያበላሸዋል።